ዕጩዬን የገደልኩበት ፎቶ

ጋዜጣ የሚነበብ ነገር ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ያረመኝ አባቴ ነው። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ሆኖም ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ እጁ ከገባ ዘርግቶ፣ በመዳፉ ደልድሎ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳይመረምር አይጥለውም። አንድ የምርጫ ሰሞን ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ወጥተው አየ። አንደኛው እስክሪብቶ ይዞ፣ አገጩን ደገፍ አድርጎ ሩቅ ያያል። ሁለተኛውን ፎቶ አንሺው የያዘው አፉን በሰፊው ከፍቶ ሳለ ነው፤ ይናገር፣ ያዛጋ፣ ያስነጥስ አይታወቅም። አባቴ ወረቀቱን አቅርቦም አርቆም ካየ በኋላ፣ «ይኼ አፉን የከፈተውማ ገና ሳይሾም ሊበላን ነው» ብሎ ፈረደበት። ሰውየው ለሕዝብ ሊያደርግ ያሰበው ሁሉ ከሥሩ ተዘርዝሮ ነበር። ማን አንብቦለት! ጉዳዩ አፉ ላይ አለቀ።

ይህን የአባቴን ትምህርት ስንቅ አድርጌ ነው ባሕር የተሻገርኩት። ሳዑዲ፣ ጅዛን ውስጥ አንድ መክተባ እሠራለሁ። መክተባ የሚሉት ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት፣ በስተኋላው ደግሞ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሎ ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት ሱቅ ነው። ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሚሆን ፎቶ የፈለገ ሁሉ በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ያፈጥብኛል። እኔም «አትነቃነቅ» እላለሁ። በዚች አንዲት ቃል የተነሳ በሐበሻው ዘንድ ትንሽ ክብር አለኝ፤ ክብር ያልለመደ ሰው ደግሞ ትንሿም ታሰክረዋለች።

እኔንም አሰከረችኝና ጋዜጣ ጀመርኩ። ጋዜጣ ስል ባለ አንድ ቅጠል ነው። አዘጋጁም፣ ዘጋቢውም፣ ፎቶ አንሺውም፣ አዳዩም እኔው ነኝ። ጤፍ የት ሱቅ እንደገባ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ተሳክቶለት አገሩ እንደገባ እጽፋለሁ፤ የወረቀቱን ፎቶ አንስቼም ስልክ ላይ ባለን ግሩፕ እለቀዋለሁ። ከፊሌ፣ የሱቁ ባለቤት ማለት ነው፣ የምሠራውን እያየ እንዳላየ ያልፈኛል። ያን ጊዜ ከድንበሩ ማዶ፣ ከየመን በኩል የሚተኮሰው ነገር አንዳንዴ እኛው ሰማይ ላይ ደርሶ ይፈነዳ ነበር። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እኔ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ፤ ከፊሌ ግን ከስልኩ ቀና ሳይል «ያላ፣ ያላ፣ ተነስና ሥራህን ሥራ» ይለኛል። እሱ ለምዶታል። እኔም ጠረጴዛውን ለምጄዋለሁ።

ታዲያ ምርጫ መጣ። ቤተ መንግሥት ያለበት ምርጫ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛ የጅዛን ሐበሾች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጠቅልለው አገራቸው ስለገቡ ምትክ ልንመርጥ ነው። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፣ ወንበርም የለውም። አንድ ነገር ግን አለው። ሰብሳቢው መንዱብ ይባላል፣ ተወካይ እንደ ማለት ነው፤ መታወቂያውን ሲያሳይ የሐኪም ቤቱ አስከሬን ክፍልም የእስር ቤቱም በር ይከፈትለታል። ሌላው ሰው ወንድሙ ውስጥ ይኑር አይኑር ሳያውቅ በሩን አይቶ ይመለሳል።

ይህን በር ከማንም በላይ የፈለገው ሁሴን ነው። ሁሴን የወሎ ልጅ ነው፤ በውሃ ቦቴ ላይ ይሠራል፣ ከአሽ-ሹቀይቅ ከባሕር የተጣራ ውሃ እየቀዳ ያመላልሳል። ታናሽ ወንድሙ ዓሊ የሱን ፈለግ ተከትሎ ከቤት ወጣ፤ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመን ጦርነት ውስጥ ገብቶ፣ ከድንበሯ ከተማ ከጡዋል ማዶ ሆኖ በሰው ስልክ ደወለ። «ነገ እንሻገራለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሁሴን ወገን ሞተ በተባለበት ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያጥባል፣ ይገንዛል፣ ይቀብራል። ሰው ለጽድቅ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ቀን አብሬው ሄጄ አይቻለሁ፤ ከመገነዙ በፊት ፊቱን ገልጦ ያያል፣ ዓሊ አለመሆኑን ሲያረጋግጥ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል። ለቀብር የወጣውን እንዲህ ያያል፤ ውስጥ የቀረውን ግን ማን ያሳየው?

እናቱ በየሳምንቱ እየደወለች ትጠይቀዋለች። እሱም «ታስሮ ይሆናል፣ ይፈታል» ይላታል። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም፤ መርዶ ላልመጣለት ሰው ማልቀስ ሟርት ነው እያሉ ጎረቤቶቿ ይቆጧታል። እንባዋን ይዛ ትጠብቃለች።

እንግዲህ ልቤ ለማን እንዳደላ ገባችሁ። ጋዜጠኛ ሚዛናዊ ይሁን የሚባለውን ሰምቻለሁ፤ ሚዛኑ እኔ ቤት ሲደርስ ተሰበረ።

ተፎካካሪው ጋሽ በላቸው ይባላሉ። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሹፌር፤ ክፉ አይወጣቸውም። ኮት ያላቸው ከእኛ መካከል እሳቸው ብቻ ናቸው። ለጋዜጣዬ ፎቶ ስጡኝ ብላቸው በፖስታ ሙሉ አመጡልኝ፤ የአሠሪያቸውን መኪና ተደግፈው፣ መነጽር አድርገው፣ መነጽር አውልቀው። እኔ ግን አባቴን አሰብኩና፣ ራሴው ላንሳዎት ብዬ በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ከብዙ ፎቶ መካከል ዓይናቸው ግማሽ ተከድኖ፣ ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ያዘመመበትን መረጥኩ። በቀለም አተምኩት። ይህን ያየ ሰው ለሳቸው ድምፅ ከሰጠ እኔ ሰው አይደለሁም አልኩ።

ሰው አይደለሁም ማለት ነው። ግሩፑን የሞሉት በየቤቱ የሚሠሩት እህቶቻችን ናቸው፤ ከቤት ስለማይወጡ ድምፃቸውን የሚሰጡትም በስልክ ነው። ፎቶውን እንዳዩ፣ «ውይ ጋሽ በላቸው፣ እንቅልፍ አጥተው!» ማለት ጀመሩ። አንዷማ በድምፅ መልእክት፣ እኔም ማዳሜ ሳትተኛ ስለማልተኛ ይኼን ዓይን በመስታወት አውቀዋለሁ፣ የደከመ ሰው የደከመ ሰው ይገባዋል ብላ ላከች። በዓይናቸው መከደን የተነሳ የሴቱ ድምፅ በሙሉ ወደ ጋሽ በላቸው ነጎደ። አባቴ ይህን አላስተማረኝም። ፎቶ የሚመርጠው ጋዜጠኛ ቢሆንም የሚያየው ግን የራሱ እንቅልፍ ያለበት ሰው ነው።

አሁን ሁሴንን ማዳን አለብኝ። ሁሴን ደግሞ ችግሩ ሳቁ ነው። በሆነውም ባልሆነውም ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ የፊት ጥርሱ ቦታ ባዶ ነው፣ የመን ላይ ደላሎቹ ናቸው ያወለቁት። እንዲህ ያለ ፎቶ ይዤ ማንን ላስመርጥ? ከጋሽ በላቸው ኮታቸውን ተዋስኩ። ለማን እንደሆነ ነግሬያቸው ነው፤ «ይመርበት» ብለው ሰጡኝ። ሁሴንን ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ኮፍያና የተቀናቃኙን ኮት አልብሼ፣ እስክሪብቶ አስጨብጬ አስቀመጥኩት። እስክሪብቶውን እንደ ቧንቧ መፍቻ ያዘው። ከዚያ ኮቱ ከጀርባው ሲጢጥ ሲል ሰማና ሳቁ አመለጠው።

መሪ አይስቅም አልኩት። እሺ ብሎ ተኮሳተረ፤ ካሜራውን ሳነሳ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ወደ ግድግዳው እይ አልኩት፣ ሳቀ። ዓይንህን ጨፍን አልኩት፣ ጨፍኖ ሳቀ። ከፊሌ ሳይቀር ከስልኩ ቀና ብሎ አብሮት ሳቀ፤ ሚሳይል ያላስነሳው ሰው ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ «እንግዲያው የሚያሳዝን ነገር አስብ» አልኩት።

«የትኛውን?» አለኝ እየሳቀ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አዋቂ ሰው ቢሆን ካሜራውን አስቀምጦ ሻይ ያዛል። እኔ ግን፣ «ዓሊን አስብ» አልኩት።

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ጉንጩ ወረደ፣ ዓይኑ ከእኔ አልፎ ወደ ላይ ሄደ። እኔ የማውቀው ሁሴን በርጩማው ላይ አልነበረም፤ ያን የተቀመጠውን ሰው ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አዘንኩለት? ቢሆንማ ጥሩ ነበር። «አትነቃነቅ» ብዬ ተጫንኩት። ከተነሳ በኋላ ኮቱን ቀስ ብሎ አጣጥፎ ሰጠኝ፣ ቦቴው ላይ ወጥቶ ወደ አሽ-ሹቀይቅ ሄደ።

ለማተም ስነሳ የቀለም ማሽኑ ቀለም ጨርሷል፤ ጋሽ በላቸው በነኛ ባማሩ ጉንጮቻቸው ጠጥተውታል። ጥቁሩ ግን አለ። ጥቁርና ነጭ ጨዋ ያስመስላል ብዬ ተጽናናሁ። ባዶ እንዳይመስል ዙሪያውን ደማቅ ጥቁር መስመር ሰጠሁት። ከሥሩ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደባትን ቀበሌ ጻፍኩና፣ «ለተቸገረ ደራሽ፣ ሰውን ከሰው ሳይለይ የሚወድ፣ በወገኖቹ ዘንድ የተከበረ» ብዬ ጨመርኩ። ርቄ አየሁት። እጅግ ግርማ ሞገስ ነበረው። ረቡዕ ማታ ለግሩፑ ለቀቅኩት። ሐሙስ ሥራ ውጦኝ ስልኬን ሳልከፍት ዋልኩ።

ዓርብ ነበር፤ ጠዋት ሱቁን ስከፍት በር ላይ ሰው ቆሟል። ከየጉልበት ሥራው የመጡ የወሎ ልጆች ናቸው፤ ያንኑ ፎቶ አተልቀህ አትምልን አሉኝ። ኩራቴን ምን ልበላችሁ! ኢቃማ የሌላቸው፣ የጀዋዛት ፖሊስ ያለ ፈቃድ ናችሁ ብሎ እንዳይዛቸው ዋናውን መንገድ የማይረግጡ ልጆች ለምርጫ ብለው ከተማ መጡ። ቀጥሎ አንዱ ውሃ በካርቶን፣ ሌላው ሩዝ በጆንያ ተሸክሞ መጣና፣ የሚቀመጡት የት ነው አለኝ። እዚሁ አስቀምጥ አልኩት። ስልኬን ከፈትኩ፤ ግሩፑ በልቅሶ ድምፅ ተሞልቷል። ያችው የማዳሟ ነገር እንቅልፍ የነሳት እህት፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነበረን እንዴ፣ ሳናውቀው!» እያለች ትንሰቀሰቃለች። ቀና አልኩና ለራሴ፣ የፎቶ ኃይል ማለት ይኼ ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ እየተመነጠርኩም አልጠረጠርኩም።

ጋሽ በላቸው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ይህኛውስ የእኔ ካሜራ ጥፋት አይደለም። «ልጄ፣ እኔ ራሴን አግልያለሁ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መወዳደሬ ራሱ ነውር ነበር» አሉኝ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እጃቸውን ጨብጬ ናጥኩት።

«ምነው ጥርስህን ታሳያለህ?» አሉኝ። «የት ቀበራችሁት?»

ያኔ ነው ሁሉ ነገር አንድ ላይ የወረደብኝ። በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ይንኳኳል። እዚህ ግን መርዶ ነጋሪ የለም። ሰው ሲሞት ፊቱ በስልክ ይነሳል፤ ከሥሩ ስሙ ከነአባቱ፣ ቀበሌው ይጻፋል፣ የሚያውቀው ለቤተሰቡ ያድርስ ተብሎ ይለቀቃል። በጅዛን የሐበሻ ፊት ከነስሙና ከነቀበሌው የሚወጣው ሲሞት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስንቱን ራሴ አትሜ ለቅቄያለሁ። ያን ሁሉ ያተመ እጅ ነው ሁሴንንም ጥቁር መስመር የሰጠው። ምስጋናውም ቢሆን፣ ሰው እንዲህ ተደርጎ የሚመሰገነው በቁሙ አይደለም።

አልሞተም ብዬ ብምል ጋሽ በላቸው አላመኑኝም፤ ኀዘን ያሳበደኝ መሰላቸው፣ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ» አሉኝ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ሁሴን ገባ። ጫማው እንደ ራሰ ነው፤ ቦቴ ሲሞሉ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ሁለት ቀን ዝም ብሎበታል፣ የት እንደሚያሠራው ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ጋሽ በላቸው «በስመ አብ» ብለው አማትበው ግድግዳውን ያዙ። የወሎ ልጆች አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩትና ሩዙን እንደያዙ ደረቁ።

ነገሩን ስነግረው ሁሴን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጆንያውን እያየ ሳቀ፣ የተተለቀውን ፎቶ እያየ ሳቀ፣ ጋሽ በላቸውን አቅፎ፣ ድምፅዎን ወሰድኩብዎት እኮ እያለ ሳቀ። ከዚያ ድንገት አቆመና፣ «ግሩፑ ላይ ብቻ ነው የወጣው?» አለኝ።

ግሩፑን ወደ ታች ገልጬ አየሁ። ስልኬን አሳየሁት። ከቀበሌው የተላከ ፎቶ ነው፤ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ከመካከል አንዲት ሴት ፎቶውን አቅፋ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ድረስ ሄደው አሳትመውላታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ የጣልኩት የሰው እናት ነው።

በእኔ ስልክ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ያነሳው አጎቱ ሰይድ ነው። ሁሴን ነኝ ቢለው፣ አንተ ደላላ፣ በሬሳም ልትነግድብን ነው ብሎ ዘጋበት። ደግሞ ደወለ። አጎቱ አሁንም አላመነም፤ ሁሴን ከሆንክ ልጅ ሳለህ ከየትኛው ዛፍ ነው የወደቅከው አለው።

«እኔ ወድቄ አላውቅም» አለ ሁሴን። «ከሾላው የወደቀው ዓሊ ነው። እኔ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት።»

ከዚያ አጎቱ «ያ አላህ» ሲል ሰማን፤ ጫጫታ ሆነ፣ እልልታና ለቅሶ ተደባለቀ፣ ሰው ስልኩን ተናጠቀ። እኛም ሱቁ ውስጥ ደስ አለን፤ ጋሽ በላቸው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ኸላስ፣ በቃ፣ ተረፍኩ አልኩ። እናቱ ስልኩን እስክትቀበል ድረስ ነው ያልኩት።

ስሙን ደጋግማ ጠራችው፣ እሱም «አለሁ እማ፣ ፎቶ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም» አላት። ፈጣሪዋን አመሰገነች፣ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትዋሸኝ። ወንድምህ አለ?»

ሁሌም ለዚህ ጥያቄ መልሱ አፉ ላይ ነበር። ዛሬ ግን «አላውቅም እማ» አለ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «እናት አይደለሁ? መርዶ የሚያመጣልኝ አጥቼ ነው እንባዬን የያዝኩት። ሰው ይበተን ወይ እያሉ እየጠየቁኝ ነው። አሁን ድንኳኑ ቆሟል፣ ሰው ከየአገሩ መጥቷል። ዳግመኛ ማን ይሰበሰብልኛል? ለዓሊዬ ላልቅስበት።»

ሁሴን ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፎቶው የእኔ ነው እኮ፣ እማ።»

«የሱ የለኝም። አንድ ቀን እንኳ ፎቶ ሳይነሳ ነው የሄደው። ይኼን አምጥተው ሲሰጡኝ ያንተ ነው አሉኝ፤ ሳየው ግን ዓይኑ የሱ ነው። ይኼንኑ ልያዘው?»

ወደ እኔ አየ። እኔ የማየው አጥቼ ወለሉን አየሁ። ይህ ሰው መንዱብ መሆን የፈለገው ለእናቱ «የለም» የምትለውን አንድ ቃል ላለመናገር ነበር፤ በሩ ተከፍቶለት፣ ወንድሙን ከአንዱ እስር ቤት አግኝቶ፣ «አለ» ሊላት። ተፎካካሪው ለቅቆለታል፣ ሹመቱ እጁ ገብቷል፣ በሩ ገና አልተከፈተም። እናቱ ግን ከዚያ ማዶ መልስ ትጠብቃለች፣ ድንኳኑም ይጠብቃል።

«ያዢው» አላት። «አልቅሺ፣ እማ።»

ስልኩን አልዘጋችውም። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቅድም ለሁሴን ያለቀሱት ሴቶች ተቀበሏት፣ የዓሊንም ስም እያነሱ ለቅሶውን እንደገና ጀመሩ። ሁሴን በነጩ መጋረጃ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከእናቱ ጋር ለወንድሙ አለቀሰ። የወሎ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ዙሪያውን ተቀመጡ። ጋሽ በላቸው ወደ ቀኙ ጠጋ አሉ፣ እኔም የሱቁን በር ቆልፌ በግራው በኩል ተቀመጥኩ።